የአሳሉ አውቶቡስ ዳጉ

ታጁራ፣ ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ ለሐስና፤ ቱኒስ

ከሁሉ አስቀድሞ ከታጁራ ወደብ እስከ ጎዳ ተራራ ላለው ሕዝብ፣ ባሕር ማዶ ላሉትም ጭምር፣ በታላቅ ሐዘን የሚገለጽ አንድ ብርቱ ጉዳይ አለ። ለረጅም ዘመን ሥጋ በማኘክ፣ የተምር ፍሬ በመፈልፈል፣ አንዳንዴም ምላስን ከስህተት ለመመለስ በመንከስ ቤተሰቡን በቅንነት ያገለገለው የቀኝ የታችኛው ጥርሴ፣ ትናንት ሐሙስ በአሳል ሐይቅ ዳርቻ ከደረቅ ፉርኖ ዳቦ ጋር ሲታገል በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም ዳይሬክተሩና ተማሪዎቹ በተገኙበት እዚያው ጨው ውስጥ ተፈጽሟል። በዚያ ወገን የሚያለቅስለት ጎረቤት ጥርስ የለም፤ የመጨረሻው እሱ ነበር።

ደህና ነሽ ወይ? ብርዱስ፣ ትምህርቱስ? እኔ ከጥርሱ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ግን አልደከመኝም ማለት አይደለም። ይህን የምጽፍልሽ እግሬን ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ጥዬ ነው። ደክሞኛል፣ ሐስና። የእኔ ዕድሜ ሰው የሚደክመው ቶሎ ነው፤ የሚያርፈው ግን ቀስ ብሎ ነው።

ለምን አልደወልክም ትይኛለሽ። ያየነውንና የሰማነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ የምንለዋወጥበት ዳጉ ስልክ ላይ አይነገርም። ገና «ሰላም ነው ወይ» ተባብለን ሳንጨርስ ይቋረጣል፤ ግማሽ ዳጉ ደግሞ ከውሸት አይሻልም። ስለዚህ የጂኦግራፊው መምህር የአጎት ልጅ እሁድ ወደ እናንተ ይበራል፣ በእጁ እልክልሻለሁ። እንደ ወጉ ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ። አንቺም እንደ ወጉ አታቋርጪኝ፤ ልማድሽን አውቀዋለሁና።

አንቺ በትምህርት ቤቱ የጀመርሽው ያ የጉብኝት ቀን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቀርቶ ነበር። የሚደክምለት ሰው ጠፋ። ዘንድሮ ከከተማ የመጡት አዲሱ ዳይሬክተር፣ ልጆቹ በፈረንሳይኛው «ሙሴ» የሚሏቸው ፋራህ፣ ነገሩን ሰሙና «በአንድ ቀን ሦስት አውቶቡስ፣ ሦስት ቦታ!» ብለው ተነሡ። ትንንሾቹ ወደቡን ሊያዩ፣ መካከለኞቹ ወደ ዳይ ጫካ፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ወደ አሳል። ሰውየው ጥሩ ሰው ናቸው። ብቻ እግራቸው ከመሬቱ ቀድሞ ይራመዳል። ለወላጅ ሁሉ የፈቃድ ወረቀት በተኑ። አንድም አልተመለሰም። ከዚያ የእኔን ቤት ጠይቀው መጡ።

«አባባ ሎይታ፣ ሕዝቡ ልጁ እንዲማርለት አይፈልግም እንዴ?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ወረቀቱ ሻይ ጠጣ?» አልኳቸው።

«ምን አሉኝ?»

«ወረቀቱ ገብቶ ቁጭ አለ ወይ? ዝናብ ጣለ ወይ፣ ፍየሎቹ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀ ወይ? በር ላይ ቆሞ ፈርሙ የሚል እንግዳ ማን ያስገባል?»

ሳቁ። ሲስቁ ደግ ፊት አላቸው። «እንግዲያው እርስዎ ይዙሩልኛ» አሉ። እኔም አፌ አይዘጋም፣ «እሺ» አልኩ።

ዞርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤት ቤት ዞርኩ። የዚያን ሁሉ ሻይ ነገር አታንሺብኝ። በየቤቱ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሴት ልጃችን ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» «ከእኔ ጋር።» የአንዷ ልጅ እናት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንተንስ ማን ይጠብቅሃል?» አለችኝ። «ልጅሽ» አልኳት። ፈቀደች።

አሁን ለምን እንዲህ እንደደከምኩ ልንገርሽ። ለአሳል ጨው ብዬ አይደለም።

እናትሽ ይህን ነገር ደብቃሻለች፤ እንዳትቆጫት። አንቺ የአብሱማሽን የካሚልን ጋብቻ ትተሽ ቱኒስ ስትገቢ ከተማው አንድ ወቅት አኝኮሽ ተወ። አጎትሽ ዲምስ ግን አልዋጠውም። ልጄ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ነገር አይረሳም። ከጥቂት ወራት በፊት እናትሽ ቤት መጥቶ ተቀመጠና «የእህቴ ልጅ በወጋችን ለልጄ የምትገባ አብሱማው ናት። አንዷ ሄደች፣ አንዷ አለች። የልጄ መብት ባሕር አልተሻገረም» አላት። በዚህ ተያዘ። እህትሽ መዲና ጾሙ እንደተፈታ ለካሚል ልትዳር። የማጠናቀቂያው ፈተና ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ በክፍሏ አንደኛ የምትወጣው መዲና ፈተናው ላይ ሳትቀመጥ ልትቀር ማለት ነው። እናትሽ የደበቀችሽ «በእኔ ዕዳ እህቴ ተከፈለች» ብለሽ እንዳትቃጠዪ ነው።

እኔስ ምን ልበል? ዲምስ ልጄ፣ እናትሽ ልጄ። ካሚል የልጅ ልጄ፣ እናንተ የልጅ ልጆቼ። የትኛውን ጣቴን ልቁረጥ? ደግሞ እኔ ራሴ ነፍሷን ይማርና አያትሽን ያገኘሁት በአብሱማ ነው። ዕድሜ ልካችንን ስንጨቃጨቅ ኖረን አንድ ቀን አልተቆጨሁባትም። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ተነሥቶ አብሱማ ይቅር ቢል ማን ይሰማዋል?

ካሚልን ግን ጠየቅኩት። ያው እንደምታውቂው ነው፤ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሰው ሙሽራ እንደሚያጥብ ያጥባል። ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩና «መዲናን ትፈልጋታለህ?» አልኩት።

«አባባ፣ መዲና እኮ እህቴ ናት። እዚህች አውቶቡስ ኋላ ወንበር ላይ አፍንጫዋን እየጠረገች ነው ያደገችው።»

«እንግዲያው ለአባትህ ንገረው።»

ጨርቁን ጨመቀ። «አንተ ለአባትህ እምቢ ብለህ ታውቃለህ?»

ባልዲውን ወደ እሱ ገፋሁለትና ተነሣሁ።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። ካሚል ለአባቱ እምቢ ማለት አይችልም። በዳጉ መዋሸትም አይችልም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ጉልበቴ ትንሽ ቀለለኝ። በማግስቱ ሙሴ ፋራህ ዘንድ ሄጄ «የአሳሉን አውቶቡስ ካሚል ይንዳው፣ መዲናም በዚያው ትሂድ፣ እኔም ከፊት ወንበር» አልኳቸው። «ለጉልበትዎ ነው?» አሉ። «ለጉልበቴ ነው» አልኩ።

ሐሙስ ማለዳ። ወይ ሐሙስ! የሚያረፍደው አረፈደ፣ የሚያስታውከው ገና ሞተር ሳይነሣ አስታወከ። አንዱ ጎረምሳ ከራሱ የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። ሳርዲኑ አለ፣ መክፈቻው የለም። የወደቡ አውቶቡስ ውስጥ የዳይ ልጆች ገብተው ተገኙና ሁሉም ወርዶ እንደገና ተቆጠረ። ስቆጥር አንዷ ተነሥታ ቦታ ትቀይራለች፣ እንደገና እጀምራለሁ። አንቺ ይህን ሁሉ ብቻሽን ትሠሪው እንደነበር ትናንት ነው የገባኝ።

ሙሴ ፋራህ ከእኛ ጋር ተሳፈሩ። የቀኑን ፕሮግራም ደቂቃ በደቂቃ ከፋፍለው የአውቶቡሱ በር ላይ ለጥፈዋል። መነሻ፣ መድረሻ፣ ሽንት፣ ምሳ፣ ጥያቄና መልስ። ዳጉን በወሬ ያውቁታል፤ ፕሮግራሙ ላይ ግን ቦታ አልሰጡትም።

ከከተማ እንደወጣን አንድ ፍየል ነጂ ከመንገዱ ዳር እጁን አነሣ። ካሚል ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ።

«ምን ሆነ? ጎማ ነው?» አሉ ሙሴ ፋራህ።

«ዳጉ ነው» አለች መዲና ከኋላ።

«በስንት ደቂቃ ያልቃል?»

አውቶቡሱ በሳቅ ሊገለበጥ። «ሙሴ፣ ሰውየው በመጣበት ቦታ ይወሰናል» አላቸው ያ ባለ ድምፅ ማጉያው። «ከዚህ ከቅርብ ከሆነ እድለኛ ነን።» «ከዚያ ከተራራው ከሆነ ደግሞ ምሳችንን እዚሁ እንበላለን» አለች ሌላዋ።

በሁለተኛው መንገደኛ ሰዓታቸውን አዩ። በሦስተኛው ፕሮግራሙን ከበሩ ላይ ገነጠሉ፣ አጠፉት፣ ያራግቡበት ጀመር። «አባባ ሎይታ፣ ይህን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። «ቀደም ብለው መቼ ዳጉ ጠየቁኝ?» አልኳቸው።

ከሳጋሎ አለፍ ብሎ ካለው ጉድጓድ አጠገብ፣ ግራሯ ጥላ ሥር ያዮ ተቀምጧል። እኩያዬን ያዮን አትረሺውም፤ ጆሮው ጎተራ፣ አፉ ወንፊት የሆነውን። ባለፈው ሳምንት በጨው መኪና ሹፌር «ሐሙስ እናልፋለን፤ ካሚልን በደንብ ጠይቀው» ብዬ ልኬበት ነበር። ሌላ አልጨመርኩም። ለያዮ አይጨመርም።

ልጆቹ ወረዱ። የጂኦግራፊው መምህር ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍ ብሎ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያሳየ ማስተማር ጀመረ። ካሚል ያዮ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

ካሚል ከታጁራ ጀመረ። ዝናቡ፣ ዓሣው፣ የታመመው፣ የተሻለው፣ የተወለደው፣ ሦስቱ አውቶቡሶች። ያዮ «እህ… እህ…» እያለ ይቀበላል። ሁሉም ሲያልቅ በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«የራስህስ ነገር? ሰርግ ሰምቻለሁ። ካሚል፣ የአብሱማህ ነገር እንዴት ሆነ?»

መምህሩ እንኳ ከድንጋዩ ዞረ። መዲና የውሃ ጠርሙሷን እንደያዘች ቆማለች። ካሚል ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ተራራ ማየት አማረኝ።

«አጎቴ ያዮ» አለ፣ «አብሱማዬ ሐስና ነበረች። እሷን መንገድሽ ይቅናሽ ብያለሁ። መዲናን እኔ አልጠየቅኳትም፣ አልጠይቃትምም። መብቴን ትቻለሁ። ዳጉዬ ይህ ነው።» ብሎ ሳቀ። ሸክሙን መሬት እንዳስቀመጠ ሰው ቀለል ብሎት ሳቀ።

«ሰማሁ» አለ ያዮ።

አለቀ። አንዴ ዳጉ ላይ የተባለ ነገር ወደ አፍ አይመለስም። መዲና አላለቀሰችም። ዞራ መምህሩን «ይህ ድንጋይ ከመቀዝቀዙ በፊት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» ብላ ጠየቀችው፤ ድምፅዋ ግን መሐል ላይ ተሰበረባት። እሱም ሳያያት መለሰላት። ጨዋ ልጅ ነው።

ወዲያው አንድ ጨው የጫነ መኪና ከአሳል ወደ ታጁራ ሲወርድ ታየ። ያ እንግዳ እንኳ ሲመጣ ተቀምጦ የሚጨብጠው ያዮ ብድግ ብሎ መሐል መንገድ ላይ ቆመ! እኛ ወደ ጨው፣ ወሬያችን ወደ ቤት።

አሳል እንደምታውቂው ነው። ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ። ልጆቹ ጨው ቀመሱ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ከባሕር ጠለል በታች መሆናቸውን ሲሰሙ አንዷ «እንግዲያው ለምን አልሰጠምንም?» ብላ መምህሩን ላብ በላብ አደረገችው። እኔ ደግሞ ግመል ስንነዳ እንዴት እንደነበር እንድነግራቸው ተጠየቅኩ። በወጉ ነገርኳቸው፤ ጀርባ የሚያቃጥለውን፣ ተረከዝ የሚሰነጥቀውን። ሲያዳምጡ ደስ ይላሉ። ከዚያ ዳቦው መጣ፣ ጥርሱም ሄደ። ሙሴ ፋራህ ኮፍያቸውን አውልቀው የቀብር ንግግር አደረጉ፦ «ብዙ ነክሶ፣ ጥቂት ያቆሰለ» አሉ። መዲና እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ስንመለስ ጎማ ተነፈሰ። ልጆቹ በአውቶቡሱ ጥላ ሥር ተንጋለሉ፤ እኔ ካሚል አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ክሪኩን እየጠመዘዘ ሳያየኝ፦

«አባባ፣ ለያዮ የላክህበት አንተ ነህ?»

«እኔ? እኔ ጥርስ የሌለኝ ሽማግሌ ነኝ።»

«ለዚህ ጥርስ አያስፈልግም።»

ብሎኑን አንድ በአንድ አጠበቀ። «ሐስና ትሰማው ይሆን?» አለ።

«ማን ያደርስላታል?»

«አንተ ነሃ።» የጠበቀውን ብሎን ደግሞ አጠበቀው።

ከተማ ስንገባ ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ነበረች። የትምህርት ቤቱ በር በወላጅ ተሞልቷል፤ ከሁሉ ፊት ዲምስ። ፊቱን እንዳየሁት የጨው መኪናው ቀድሞን እንደደረሰ ገባኝ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ ውለው አሁን አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያሰሙ ወረዱ። ካሚል ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወርዶ አባቱ ፊት ቆመ።

ዱላ ይነሣል ብዬ ነበር። ዲምስ ግን በትሩን ትከሻው ላይ አጋደመና «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አለው።

ካሚልም ከማለዳው ጀመረ። ፍየል ነጂውን፣ የሙሴ ፋራህን ማራገቢያ፣ የእኔን ጥርስ ሳይቀር። ሰዉ ሳቀ። ዲምስ አልሳቀም። ካሚል ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ድምፁን አልቀነሰም። ለያዮ የነገረውን በዚያው ቃል ለአባቱ ነገረው። ዲምስ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ግን ዳጉ አይቋረጥምና አላቋረጠም። ሙሴ ፋራህ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ መዲና እጅጌያቸውን ሳበቻቸው።

ካሚል ጨረሰ።

«ሰማሁ» አለ ዲምስ። በትሩን ከትከሻው አውርዶ፣ «ከመኪናው የሰማሁት ላይ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም» አለ። እንግዲህ መብቱ የካሚል ነው፤ ባለመብቱ በአደባባይ ትቻለሁ ካለ፣ አባትም ቢሆን አፉን ይዘጋል። ወደ እናትሽ ቤት አየ፣ ወደ መዲናም አየ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉን እንዳወቀ ዓይኑ ላይ አየሁት።

«ጥርስህ ከልቡ ወለቀ?» አለኝ።

አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና ሄደ።

ዛሬ ለጁምዓ ከእኔ ጎን አልቆመም። ይሁን። ጾም ሲገባ ይመጣል፤ አባት የሌለበት ማዕድ አይጥመውም። መዲና ፈተናው ላይ ትቀመጣለች። ማታ እግሬን እያጠበችኝ «አባባ፣ አንተ እኮ አደገኛ ሰው ነህ» አለችኝ። ከአሳል ያመጣችልሽን የጨው ድንጋይ እዚህ ጠቅልዬልሻለሁ። አትብዪው፤ መስኮትሽ ላይ አስቀምጪው።

የሚመጣው ዓመት ግን እኔ አልችልም። በእውነት አልችልም፣ ሐስና። ስቆጥር ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የምነሣው ሰው ሲስበኝ ነው። ሙሴ ፋራህ «ፕሮግራሙ ላይ ዳጉን አስገባለሁ» ብለው ከአሁኑ እያሰቡ ነው። ልጆቹም ለቀኑ ባለቤት ይፈልጋሉ። ቀኑ ያንቺ ነው። ትምህርትሽን ጨርሺና ነይ ተረከቢኝ። አሁን በሩ ላይ ማንም መብት ይዞ የሚጠብቅሽ የለም፤ ማንም ዓይንሽን እንድትሰብሪ አይጠይቅሽም።

አላህ መንገድሽን ጥላ ያድርግልሽ። ጉድጓድሽ አይድረቅ፣ እንግዳሽ አይጉደል፣ የምትሰሚው ሁሉ ደግ ይሁን። እኔን ጥርስ ባይኖረኝም ስምሽን አጥርቶ የሚጠራ አፍ ይተውልኝ።

አያትሽ ሎይታ

ልዘጋው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ዳጉ ላይ የጨመረ ሰው መንገድ ይጠምምበታል ይባላል፤ እኔም ብዙ መንገድ አልቀረኝምና ልንገርሽ። ጥርሱን ነው ብለሽ ትጠረጥሪ ይሆናል። ጥርሱ እውነት ነው፤ ጎማውም፣ ማራገቢያውም፣ የዲምስም ቃል እውነት ነው። ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ እኔ ጨምሬያለሁ፤ አንቺ እዚያ በሩቅ አገር ሆነሽ ልብሽ እንዳይከብድ ብዬ ነበር። ካሚል ያዮ ፊት ስምሽን ጠርቶ፣ መንገድሽ ይቅናሽ ብያለሁ ብሎ ሲጨርስ ሳቀ ብዬሻለሁ።

አልሳቀም።